ሁለት ስልክ በአንድ ጠረጴዛ፦ ቴዎዶር ቬይል ማን ነበር?

እስቲ አስቡት፤ ሱቅ አላችሁ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ስልክ ተቀምጧል። ግማሹ ደንበኛ በአንዱ ይደውላል፣ ግማሹ በሌላኛው። የሁለቱ ኩባንያዎች መስመር ስለማይገናኝ አንዱን ብትተዉ ግማሹን ገበያ አጣችሁ ማለት ነው። ክፍያውም ለሁለቱም ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የነጋዴው ኑሮ ይኸው ነበር።

የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ቴዎዶር ቬይል ነው። እ.ኤ.አ በ1845 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ። ቴሌግራፍ ኦፕሬተር ሆኖ ሠራ፤ ቀጥሎ በባቡር የሚጓጓዘው ፖስታ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። በ1878 የቤል ስልክ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ወሰደው። በ1885 የረጅም ርቀት መስመር ለመዘርጋት ኤቲ ኤንድ ቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ለቀቀና ኋላ አርጀንቲና ሄዶ በኤሌክትሪክና በትራም ሥራ ተሰማራ።

እሱ በሌለበት ነገር ተቀየረ። የቤል ፓተንቶች በ1893 እና በ1894 ሲያበቁ በየከተማው አዳዲስ የስልክ ኩባንያዎች ፈሉ። ቤል ደግሞ ከተፎካካሪ ጋር መስመር አላገናኝም አለ። ቬይል በ1907 በ61 ዓመቱ ሲመለስ ከአገሪቱ ስልክ ግማሽ የሚጠጋው ከቤል ውጪ ነበር።

ቬይል አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል፦ የስልክ ዋጋው በሽቦው ሌላኛ ጫፍ ባሉት ሰዎች ብዛት ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ይገናኝ አለ። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ችግሩ ያ ኔትወርክ የኔ ይሁን ማለቱ ነው። ተፎካካሪዎቹን መግዛት ጀመረ፣ የቴሌግራፉን ግዙፍ ዌስተርን ዩኒየንንም በእጁ አስገባ። መንግሥት ከሰሰ።

በታኅሣሥ 1913 ኩባንያው ተንበረከከ። ምክትል ፕሬዝዳንቱ ናታን ኪንግስበሪ በፈረመው ደብዳቤ ዌስተርን ዩኒየንን ሊለቅ፣ ተፎካካሪ መግዛቱን ሊያቆም፣ ትንንሾቹንም ከረጅም ርቀት መስመሩ ጋር ሊያገናኝ ቃል ገባ። ግን ልብ በሉ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ተፎካካሪዎች እርስ በርስ እንዲገናኙ ደብዳቤው አላስገደደም። ባለሱቁ ከነሁለት ስልኩ ቀረ።

ዛሬ ከ07 ቁጥር ወደ 09 ስትደውሉ የሚነሳላችሁ ሁለቱ ኩባንያዎች ኔትወርካቸውን ስላገናኙ ነው። ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው። የአንድ አገር አቅራቢዎች እዚያው ካልተገናኙ፣ ከመንገዱ ማዶ ላለ ጓደኛችሁ የላካችሁት ፎቶ ውጭ አገር ዞሮ ሊመጣ ይችላል። ለዚያ ዙረትም የሚከፈል ገንዘብ አለ።

በጥር 1915 ከኒውዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያናግረው መስመር ተመረቀ። ቬይል እግሩን ታሞ ጆርጂያ ያለች ደሴት ላይ ስለነበር እዚያ ድረስ ሽቦ ተስቦለት ገባበት። በ1920 ባልቲሞር ውስጥ ሞተ። በአንዳንድ ከተሞች ነጋዴው ያኔም ሁለት ስልክ ይዞ ነበር።