ቤን ሆገንና የብረት ዱላው

ቤን ሆገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በቴክሳስ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ አባቱን በሞት ስላጣ ገና በልጅነቱ የጎልፍ ተጫዋቾችን ዱላ በመሸከም ቤተ ሰቡን ይረዳ ነበር። በ1930 ጨዋታውን መተዳደሪያው ቢያደርገውም ኳሱ ሳይታሰብ ወደ ግራ እየታጠፈ ስላስቸገረው፣ በግሉ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በ1940 ነበር። ሆገን ግን በዕድሉ አላማረረም። የግራ እጁን በእጀታው ላይ ጥቂት ወደ ግራ በማዞር የዱላው ፊት ያለ ጊዜው እንዳይዘጋ አደረገ፤ ምቱ አንድ ዓይነት እስኪሆንለት ድረስም ያለ መታከት ተለማመደ።

በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር በተጋጨ ጊዜ ሚስቱን ለማዳን በላይዋ ተወረወረ፤ ዳሌው፣ ጎድኑና ቁርጭምጭሚቱም ተሰበረ። ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ግን እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ በሜሪየን ሜዳ ለአሜሪካ ኦፕን ውድድር ቀረበ። በአንድ ቀን 36 ጉድጓዶች ተጫውቶ እጅግ በደከመበት ሰዓት፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ለመምታት አስቸጋሪ የሆነውን አንድ ቁጥር ብረት አነሣ፤ ኳሱም ጉድጓዱ ካለበት መደብ ላይ ዐረፈ። ከሁለት ተፎካካሪዎች ጋር እኩል በመውጣቱ በማግስቱ በተደረገው መለያ ጨዋታ አሸነፈ።

በ1997 ዐረፈ። አካሉ በከዳው ሰዓት ያልከዳው፣ ጉድለቱን መርምሮ ያረመው እጁ ነበር።