አቡነ ያዕቆብና የሄቦ ቤተ ክርስቲያን

በኤርትራ ደጋ፣ በአከለ ጉዛይ፣ ሄቦ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ያረፉት ጳጳስ ግን የዚያ አገር ተወላጅ አይደሉም። ስማቸው ዩስቲኖስ ደ ያዕቆቢስ ነው፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይላቸዋል። ውድ አንባብያን፣ እኒህ ሰው ከዚያ እንዴት እንደ ደረሱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1800 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በናፖሊ የላዛሪስቶችን ማኅበር ገብተው በ1824 ቀሰሱ። በ1839 ምጽዋ ወርደው ወደ ዓድዋ ወጡ።

ጊዜው ለካቶሊክ ሚሲዮናዊ የሚመች አልነበረም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አልፎንሶ ሜንዴዝ የላቲንን ሥርዐት በግድ ሊያስገባ ሲሞክር የፈሰሰው ደም፣ ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፈውም፣ አልተረሳም። አቡነ ያዕቆብ ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ አካሄዳቸው ሁሉ የሜንዴዝ ተቃራኒ ነበርና። እንደ አገሩ መነኰሳት ለበሱ፤ ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕዝቡ የአባቶቹን የግዕዝ ቅዳሴ እንዲተው አለመጠየቃቸው ነው። በጓላ ትምህርት ቤት ከፍተው የአገሩን ልጆች ለክህነት አዘጋጁ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞች ሲልኩ፣ አቡነ ያዕቆብን መሪ አድርገው ላኳቸው። ጳጳሱም አቡነ ሰላማ ሆኑ። ከመልእክተኞቹ አንዱ አንድ ዐይናቸው የጠፋ የጎጃም ሊቅ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኒህ ሊቅ ከጊዜ በኋላ ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፤ በ1851ም ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ።

እንግዲህ የታሪኩ መራራ ክፍል ይህ ነው፤ በ1854 አቡነ ያዕቆብ በጎንደር የታሰሩት፣ ሊያስመጧቸው ግብፅ ድረስ በሄዱላቸው በአቡነ ሰላማ ትእዛዝ ነበር። በአቡነ ሰላማ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም፤ መንጋዬ ተወሰደብኝ የሚል እረኛ ዝም አይልም። አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። አቡነ ያዕቆብ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተሰደዱ፤ ነገር ግን አገራቸው አልገቡም፣ ዞረው ወደ ምጽዋና ወደ ሐላይ ተመለሱ።

በ1860 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከምጽዋ ወደ ሐላይ ሲወጡ፣ ንዳድ በርትቶባቸው አሊገዴ በተባለው ሸለቆ ከመንገድ ላይ ዐረፉ። ከጥቂት ደቀ መዛሙርት በቀር አጠገባቸው ማንም አልነበረም፤ አስከሬናቸው ሄቦ ተቀበረ።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ተባሉ። አቡነ ያዕቆብንም ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ቅዱስ ብለው ሰየሟቸው። ሄቦ ለበዓላቸው የሚሄድ ምእመን በመቃብራቸው አጠገብ የሚሰማው ቅዳሴ የግዕዙ ሥርዐት ነው።