በፊኛ ወጥቶ የሰማዩን ጨረር ያገኘው ሰው

ስለ ቪክቶር ሄስ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ኖቤል ያሸለመውን ሥራ የሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይደለም፤ በሃይድሮጂን በተሞላ ፊኛ ላይ ሕይወቱን አስይዞ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሄስ በ1883 ኦስትሪያ ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ የፊዚክስ ሰዎችን ግራ ያጋባ ጥያቄ ነበር፦ አየሩ ውስጥ ያለው ጨረር ከየት ነው የሚመጣው? ብዙዎቹ ከአለትና ከአፈር ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ታዲያ፣ ከመሬት በራቅን ቁጥር ጨረሩ መቀነስ አለበት አይደል?

ሄስ መለኪያዎቹን ይዞ ደጋግሞ ወጣ። ኤፕሪል 1912 ጨረቃ ፀሐይን በከፊል ስትጋርድ ለካ፤ ጨረሩ አልቀነሰም። ዋናው ምንጭ ፀሐይ አይደለችም ማለት ነው። ኦገስት 7 ደግሞ 5,350 ሜትር ከፍታ ላይ ደረሰ። ጨረሩ መጀመሪያ ትንሽ ቀነስ አለ፤ ከዚያ ግን እየጨመረ ሄዶ ከመሬቱ በብዙ በለጠ። በቃ፣ ነገሩ የሚመጣው ከላይ ነበር! ዛሬ ኮስሚክ ጨረር እንለዋለን።

በ1936 ኖቤልን ከካርል አንደርሰን ጋር ተካፈለ። ክብሩ ግን ከመከራ አላዳነውም። በራዲየም ላይ ሲሠራ በደረሰበት ጉዳት አውራ ጣቱን አጥቷል። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከሥራው ተባረረ፤ ባለቤቱም አይሁዳዊት ነበረች። አሜሪካ ተሰደዱ። ኒውዮርክ ፎርደም ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ በ1964 አረፈ።

የሚቆጨኝ ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን አለማየቱ ነው። በ1967 ድብቅ የኒውክሌር ሙከራ እንዲጠብቁ የተላኩ ቬላ የተባሉ የአሜሪካ ሳተላይቶች የጋማ ጨረር ብልጭታ ያዙ። ምንጩ ቦምብ አልነበረም፤ ከሩቅ ሕዋ ነው የመጣው። ግኝቱ ይፋ የሆነው በ1973 ነው። አሁን እንደምናውቀው፣ እንዲህ ያለው ፍንዳታ ግዙፍ ኮከብ ተደርምሶ ሲሞት ወይም ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ይፈጠራል።

የሄስ ስም ግን እዚህም ገባ። ናሚቢያ ውስጥ በስሙ የተጠሩ ቴሌስኮፖች አሉ። በ2018 አንድ ፍንዳታ ከታየ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንኳ፣ እጅግ ከፍተኛ ኃይል ያለው ጋማ ጨረሩን ያዙት።

ልብ በሉ፤ ይህን ስታነቡ ስልክ በያዘው እጃችሁ ውስጥ የኮስሚክ ጨረር ውላጆች በየደቂቃው እያለፉ ነው። ያንን የምናውቀው አንድ ሰው ወጥቶ ስለለካ ነው።