የዋግሹም ጎበዜ ሕይወትና የፍትሕ ጥያቄ

ሰቆጣ ዘራቸውን ከዛጉዬ ነገሥታት የሚቆጥሩት የዋግሹሞች ጥንታዊ መቀመጫ ናት። እንደ ዘመኑ ሥርዐት ዋግሹሙ ለአገሩ ገዢም ዳኛም ነበር። ከዚህ ቤት ተወልደው ለንጉሠ ነገሥትነት የበቁት ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመነ መንግሥታቸው መጀመሪያ የድኻውን አቤቱታ ራሳቸው እየሰሙ በመፍረዳቸው የተመሰገኑ ንጉሥ ነበሩ። ይሁን እንጂ ዐመፁ በበረታ ቁጥር ቅጣታቸው ጸና፤ የጎበዜ አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንም በእሳቸው ትእዛዝ ተሰቀሉ። ከሳሹም፣ ፈራጁም፣ ቅጣቱን አስፈጻሚውም አንድ ዙፋን ስለ ነበረ፣ የሟች ልጅ አቤት የሚልበት ሌላ ችሎት አልነበረም። የቀረው መንገድ ሸፍቶ ጫካ መግባት ነበር። ጎበዜም ዋግንና ላስታን ይዘው በ1850ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ከንጉሡ ብርቱ ተቀናቃኞች አንዱ ሆኑ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ነገር ግን አቡነ ሰላማ ቀደም ብለው ስላረፉ የሚቀባቸው ጳጳስ አልተገኘም፤ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም የእኅታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ባል ለሆኑት ንጉሥ አልገብርም አሉ። በመካከላቸው የሚዳኝ አካል ስላልነበረ ክርክራቸው በጦር ሜዳ ታየ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በአሳም ወንዝ በተደረገው ጦርነት፣ በቁጥር ያነሰው ነገር ግን ከእንግሊዞች ባገኘው መሣሪያ የተደራጀው የካሣ ሠራዊት አሸነፈ። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው ዐይናቸው ጠፋ፤ በግዞትም ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።

አባት በስቅላት፣ ልጅ በዐይን ማጥፋት ተቀጡ፤ ሁለቱም ፍርዶች ይግባኝ አልነበራቸውም። እኛ መሐንዲሶች ውሃ መውረጃ ካልተበጀለት ግድቡን ጥሶ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ የተበደለ ሰው አቤቱታም እንዲሁ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ37ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ድንጋጌው ሕይወት የሚኖረው ግን ፖሊሱ ሳያዳላ ሲመረምር፣ ዐቃቤ ሕጉ በማስረጃ ሲከስ፣ ዳኛውም ማንንም ሳይፈራ ሲፈርድ ነው። የሰቆጣ ገበሬ በደሉን ይዞ ወደ ችሎት የሚወርደው፣ በዚያ የሚሰማው እንዳለ ሲያምን ብቻ ነው።