ፍሪድዮፍ ናንሰንና ከበረዶ ሥር ያገኘው ሙቀት

ስማቸው በዓለም ከታወቀ አሳሾች አንዱ ኖርዌያዊው ፍሪድዮፍ ናንሰን ነው። ሕይወቱን በዚህ የበዓል መጽሔታችን ባጭሩ ለማውሳት የወደድነው፥ በትዕግሥት የለካው ነገር ዛሬም ለዓለም ስለሚጠቅም ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናንሰን በ1861 በዛሬዋ ኦስሎ አጠገብ ተወለደ። በ1888 ከአምስት ጓደኞቹ ጋር የግሪንላንድን በረዶ በእግር መንሸራተቻ አቋረጠ። በሳይቤሪያ ወገን በ1881 የሰጠመች መርከብ ስብርባሪ በግሪንላንድ ዳርቻ መገኘቱን በሰማ ጊዜ፥ የዋልታው በረዶ ባሕሩን እያቋረጠ እንደሚጓዝ ተረዳ። ስለዚህ በረዶ ሲጨብጣት ሳትሰበር ወደ ላይ የምትነሣ ፍራም የተባለች መርከብ አሠርቶ፥ በ1893 ከ12 ሰዎች ጋር ሆን ብሎ ወደ በረዶው ገባ። ይህን እንደ እብደት የቈጠሩት ብዙዎች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የሰሜን ዋልታ ባሕር ጥልቅ አይደለም ይባል ነበር። የያዙት የመለኪያ ገመድ ግን ወለሉን ባለመንካቱ፥ የብረት ገመድ ፈትለው አስረዝመው ከ3000 ሜትር በላይ ጥልቀት አገኙ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሌላው ነው። የላዩ ውሃ እጅግ ቀዝቃዛ ሲሆን፥ ከ200 ሜትር ገደማ በታች ከአትላንቲክ የመጣ፥ ከዜሮ ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ተገኘ። ይህ ውሃ ጨዋማና ከባድ ስለሆነ፥ ወንዞች ከሚያመጡት ቀላል ውሃ በታች ይተኛል። ሙቀቱም በአመድ እንደ ተዳፈነ ረመጥ ይኖራል።

በብርዱ ወራት አየሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሊደርስ፥ ባሕሩ ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ወደ አየር እንዳይሸሽ የሚከለክለው በረዶው ነው።

ናንሰን በ1895 ከዮሐንሰን ጋር ከመርከቡ ወርዶ በእግር ወደ ዋልታው ቢጓዝ፥ 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ደርሶ ተመለሰ። በ1896 ሁሉም በደኅና አገራቸው ገቡ። በኋላም ለስደተኞች ስለ ደከመ በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ፤ በ1930 ዐረፈ።

ዛሬ ምድር በመሞቋ በረዶው እየሳሳ ነው። ነጩ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ይመልስ ነበር፤ ጥቁሩ ባሕር ግን ይውጠዋል፤ ብርዱ ሲመጣም ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል፤ በረዶውም ዘግይቶ ይረጋል። በምሥራቁ ወገን ደግሞ ናንሰን ያገኘው ሞቃት ውሃ ወደ ላይ እየቀረበ ነው። የተዳፈነው እየተገለጠ መሆኑን ሊቃውንት ለማወቅ የቻሉት፥ ቀድሞ የለካ ሰው ስለ ነበረ ነው። እኛም ተማሪዎች የዛሬው ትንሽ ልኬት ለነገ ትውልድ ምስክር መሆኑን ከናንሰን እንማር።