ፎቶን ለባለቤቱ ያደረሰው ሰው

ውድ የኡልፓን ጓደኞቼ፣ በቅርያት ጋት መርካዝ ክሊታ የምትኖሩ ወገኖቼ ሁሉ፣ ዛሬ የኤድዊን ላንድን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እጽፍላችኋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ላንድ በ1909 አሜሪካ አገር፣ ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ ተወለደ። አያቶቹ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። እነሱም እንደኛው አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ ገጥሟቸዋል። አባቱ ቁርጥራጭ ብረት ይነግድ ነበር። ልጁ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ግን ሳይጨርስ ትቶት ወጣ። ኒውዮርክ ሄዶ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እያነበበ፣ ማታ ማታ ደግሞ በድብቅ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ እየገባ ይሞክር ነበር። በመጨረሻም የብርሃን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ፕላስቲክ ሠራ። እሱም ለፀሐይ መነጽር ዋለ። በ1937 ፖላሮይድ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ።

በ1943 ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት ሄዶ ሳለ የ3 ዓመት ልጁን ፎቶ አነሳት። ልጅቱም ፎቶውን ለምን አሁኑኑ እንደማታየው ጠየቀችው። ያን ጊዜ ፊልም በጨለማ ክፍል እስኪታጠብ ብዙ ቀን ይጠበቅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የልጅ ነገር ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ነገሩን ይዞ ብዙ ደከመበት። መድኃኒቱን በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከወረቀቱ ጋር አያያዘው። ወረቀቱ ከካሜራው ሲሳብ ከረጢቱ ይጨመቅና መድኃኒቱ ይዳረሳል፤ በአንድ ደቂቃ ፎቶው ይወጣል። ካሜራው በ1948 ቦስተን ከተማ ለሽያጭ ሲቀርብ የመጡት ሁሉ በአንድ ቀን ተሸጠው አለቁ። በ1972 ደግሞ ፎቶው ራሱ ከካሜራው ወጥቶ ዓይናችን እያየ ቀለም የሚያወጣው መጣ።

ክፉ ነገርም አለ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ይሄንኑ ፈጣን ፎቶ ጥቁሮች እንዲይዙት ለሚያስገድደው የይለፍ ደብተር ተጠቀመበት። በ1970 የኩባንያው ሁለት ጥቁር ሠራተኞች ተቃውሞ አስነሱ። ኩባንያው ቶሎ እሺ አላለም፤ ከዚያ አገር ጨርሶ የወጣው በ1977 ነው።

ላንድ የሞተው በመጋቢት 1991፣ ከሰሎሞን ዘመቻ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ኩባንያው በ2008 ፊልሙን መሥራት ሲያቆም፣ የሚወዱት ሰዎች ሆላንድ ያለውን ማሽን ገዝተው እንደገና ጀመሩት። እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ስልክ እያለ ለምን ይወደዳል? እኔ እንደሚገባኝ፣ ፎቶው ለተነሳው ሰው ወዲያው በእጁ ስለሚደርስ ነው። እኛ ጎንደር ገጠር ሳለን ከውጭ የሚመጣው እንግዳ አንስቶን ይሄድ ነበር። እናቴ ስንት ጊዜ ተነስታለች፤ ዛሬ በእጄ አንድም የሷ ፎቶ የለም። የት አገር፣ በማን ቤት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በስልካችሁ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሱ በወረቀት አሳትማችሁ ስጧቸው። ላንድም የደከመው ለዚሁ ነው።