የጣት ቋንቋ ያሰበው ሰው

ያደግኩት አርሲ፣ ዲክሲስ ነው። ጎረቤታችን የነበረ መስማት የተሳነው ልጅ በሰፈሩ ሰው ዘንድ እንደ ጅል ይቆጠር ነበር። ከብት ሲጠፋ ግን የሄደበትን በእጁ እያሳየ የሚያገኝልን እሱ ነው። የምልክት ቋንቋ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ስለ ሮበርት የርኪስ ሳነብ ይኸው ልጅ ትዝ አለኝ።

የርኪስ እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ተወለደ። በገበሬ ቤት አድጎ በ1902 ከሃርቫርድ በሥነ ልቦና ዶክትሬቱን አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮች የተፈተኑበትን የአእምሮ ፈተና ያዘጋጀው ቡድን መሪ ነበር። እንግሊዝኛ በቅጡ የማያውቁ ስደተኞች ዝቅተኛ ውጤት አመጡ፤ ውጤቱም የተፈጥሮ ብልህነታቸው መለኪያ ተደርጎ ተወሰደ። እንዴ! ቋንቋ አለማወቅ አእምሮ ማጣት ነው እንዴ?

የሚገርመው ይኸው ሰው ለእንስሳት የተሻለ ማሰቡ ነው። በ1923 ቺም እና ፓንዚ የሚባሉ ሁለት ግልገሎች ገዛ። ፓንዚ ቺምፓንዚ ነበረች፤ ቺም ግን ቦኖቦ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። የርኪስ ቺምን በጣም ይወደው ነበር። ሁለቱም በ1924 ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ እነዚህ እንስሳት በድምፅ መናገር ካቃታቸው መስማት እንደተሳናቸው ሰዎች በጣታቸው ቢማሩስ ሲል ሐሳብ አቀረበ። በ1930 ፍሎሪዳ ውስጥ የቺምፓንዚ ምርምር ጣቢያ ከፈተ፤ በ1956 አረፈ።

ሐሳቡ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1966 የጋርድነር ባልና ሚስት ዋሹ የተባለችውን ቺምፓንዚ ምልክት ማስተማር ጀመሩ። በ1973 የተወለደው ኒም ደግሞ ገና በጨቅላነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ሰው ቤት አደገ። ጥናቱ ሲያበቃ ወደ ጎጆ ሳይሆን ወደ ብረት አጥር ተመለሰ፤ በ1982 ጭራሽ ለሕክምና ምርምር ቤተ ሙከራ ተሸጠ። ሰው ተቆጥቶ ጮኸለትና ወጣ እንጂ እዚያው በቀረ ነበር።

ጎረቤቴን ከእንስሳ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ እንዲህ የሚያስብ ካለ ይታረም። እኔን የከነከነኝ የአስተማሪው ነገር ነው። የርኪስ መማር ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ከተማሩ በኋላ ከማን ጋር ያወራሉ ብሎ ግን አልጠየቀም። ተከታዮቹም ዘግይተው ነው የጠየቁት። ቋንቋ ማስተማር ቃል መግባት ነው፤ ጥናቱ አለቀ ተብሎ የሚቋረጥ ወሬ አይደለም። ዲክሲስ ላለው ጎረቤቴ ደግሞ ቃሉን የገባለት እንኳ አልነበረም። ለክረምት ስሄድ ጥቂት ምልክቶች ተምሬ ለመሄድ አስቤያለሁ፤ ከጀመርኩ ግን እንዳላቋርጥ።